የቀኑ መራቂ

ተሾመች ከወደቀች ወዲህ አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው። የዳሌዋ አጥንት ተሰብሮ በደንብ አልገጠመም፤ በቃሬዛ ካልሆነ ከቤት አትወጣም። ዓይኗንም ሞራ ጋርዶታል። ሰው መቆሙን ታያለች፣ ማን እንደሆነ ግን አትለይም። በዚያ ጠዋት ጎረቤታችን ሠናይት መጥታ ፀጉሯን ሠራቻት፤ አንሶላውን ቀየረችላት። ሁሉም ካለቀ በኋላ ተሾመች እኔን ጠራች።

"ሄደህ አምጣት፤" አለች። "መንገድ ላይ ከሰው ጋር እንዳትቆም።"

"እኔ ከማን ጋር ስቆም አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ዛሬ አትቁም ነው ያልኩህ።"

የምትመጣው ሊና ናት፤ የልጃችን የከፈለኝ ልጅ። ከፈለኝ ናይሮቢ ከገባ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚያው አገባ፣ እዚያው ወለደ። ልጅቱን በስልክ ፎቶ እንጂ በአካል አይተናት አናውቅም። ዩኒቨርሲቲ የደን ትምህርት ትማራለች። ከክፍል ጓደኞቿና ከመምህራቸው ጋር አገራችንን ሊጎበኙ መጥተዋል፤ ቦንጋ የሚውሉት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያንኑ ዕለት ወደ ጅማ ይመለሳሉ።

ከፈለኝ ደውሎ፣ "አባባ፣ ጠዋት ሙዚየሙ ግቢ ይገባሉ፤ እዚያ ይጠብቋት፤" አለኝ። "ግማሽ ሰዓት ብትሆንም እማማ እጇን ትያዛት። ከዚህ በኋላ መቼ እንደሚመቻት አላውቅም።"

እማማ እስከ መቼ እንደምትቆይም አላውቅም ማለቱ ነበር። ያንን አላለውም፤ እኔም አልጨመርኩለትም።

ነጭ ጋቢዬን ደረብኩ፤ ከዘራዬን ያዝኩ። ሳስበው የቀኑ ጣጣ የጀመረው ከጋቢው ነው። በኮት ብሄድ ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም ነበር።

በሙዚየሙ በር ላይ የአቀባበል ኮሚቴው ሰብሳቢ በእምነት ቆሞ ስልክ ላይ ይጮኻል። በልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ ሥራ ወዳድ ነው፤ ሰው ማዳመጥ ላይ ነው ችግሩ። ለእንግዶቹ ምርቃት እንዲሰጡ የተጠሩት ሽማግሌ ከደካ ሲመጡ መኪናቸው መንገድ ላይ ተበላሽቷል። በእምነት ስልኩን ዘጋና ዞረ፤ ጋቢውን አየ።

"ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እርስዎን የላከልኝ እግዚአብሔር ነው። ወደ መድረኩ ይውጡልኝ።"

"ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"ሁሉም ልጆችዎ ናቸው፣ ጋሼ።"

"የከፈለኝን ልጅ ነው የምልህ። ከተማሪዎቹ ጋር መጥታለች።"

"እንዴት ደስ ይላል። በሉ መጀመሪያ ይመርቁልንና እሱ ቀላል ነው።"

ክንዴን ይዞ ወደ መድረኩ ወሰደኝ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር የሚል ይኖራል። በእኛ ዘንድ ግን ሽማግሌ እንግዳ ፊት መርቅ ተብሎ እምቢ ካለ ተራገመ ማለት ነው። ስለዚህ ወጣሁ። ምንጣፍ የለበሰ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

አውቶቡሱ ገባ። ልጆቹ እየሳቁ ወረዱ፤ መምህራቸው በሩ ላይ ቆማ እያንዳንዱን በጣቷ ትቆጥራለች። ዶክተር ዋንጂሩ ነው የሚሏት፤ አጭር፣ ቀጥ ብላ የምትቆም ሴት። ሊናን ወዲያው ለየኋት። ግንባሯ የተሾመች ነው። እሷም አየችኝ፤ እጇን ግማሽ ድረስ አነሳችና ጓደኞቿን አይታ መልሳ አወረደችው። እኔም ከመድረኩ ላይ ራሴን ነቀነቅሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ንግግር ተጀመረ። የሚናገሩት ብዙ ነበሩ፤ የሚናገር ሁሉ ደግሞ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ተናግሮ ያንኑ ራሱ በአማርኛ ይደግመዋል። ከዚያ ሰሚር የሚባለው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ለእንግዶቹ ይተረጉመዋል። አንድ ሰው ስለ ደኑ ጥቅም ተናገረ፤ ሦስት ጊዜ ሰማነው። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያው የተናገረውን ስለወደደው እንደገና ተናገረው፤ እሱንም ሦስት ጊዜ ሰማነው። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ልጆቹ ቆመው ነበር፤ ሊና ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ታዛውራለች።

ተራዬ ሲደርስ አላረዘምኩም። "እንኳን ደህና መጣችሁ። መንገዳችሁ ይቅና። የተማራችሁት ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ። በሰላም ለወላጆቻችሁ ያግባችሁ።" ሰሚር ይህንን ሲተረጉም ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እኔ ካልኩት በጣም ረዘመ፤ ከራሱ ሳይጨምር አልቀረም። በመጨረሻ "አሜን" በሉ አላቸው፤ አሉ።

ከመድረክ ስወርድ ሊና መጣች። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ነካች፤ ይህንን ከፈለኝ አስተምሯት መሆን አለበት።

"እኔ... ሊና።"

"አውቄሻለሁ።"

"አያቴ የት... ሴቷ?"

"ቤት ናት። አትነሳም። እየጠበቀችሽ ነው።"

የገባትን ያህል ገባት። ሰሚርን ጠርቼ ለመምህሯ እንዲነግርልኝ አደረግሁ፤ እንዲህ ባለ ነገር ላይ አጭር ነው፣ በቅጡ ነገራት። ዶክተር ዋንጂሩ አየችኝ፤ ፊቷ ክፉ አልነበረም። ማንም ተማሪ ከቡድኑ ብቻውን አይለይም አለች፤ ለየወላጁ ቃል ገብታለች። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ጊዜ ከተረፈ ግን ታያለች። ልክ ናት። የሰው ልጅ ይዞ ድንበር የተሻገረ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው።

"ጊዜ ይተርፋል፤" አለ በእምነት ከኋላዬ። "እኔ አለሁ አይደል እንዴ፣ ጋሼ።"

ከዚያ ሊና ወደ አውቶቡሱ፣ እኔ ወደ ፒክአፑ ጋቢና። ሽማግሌ አውቶቡስ ውስጥ ከተማሪ ጋር አይቀመጥም አሉ። ከልጅቷ ጋር ልቀመጥ ነው ብዬ ስናገር በሩን ከፍተው ይዘው ይጠብቁኝ ነበር፤ ሹፌሩም ሞተሩን አስነስቷል። ገባሁ።

ወደ እግዜር ድልድይ ሄድን፤ ድንጋዩ በውኃው ላይ ራሱ ድልድይ የሠራበት ቦታ ነው። ወደ ታች የሚወርደው መንገድ ቁልቁል ነው፤ ሌሊት ዘንቦበት ያዳልጣል። ጉልበቴ አይፈቅድም። ልጆቹ እየተያያዙ ሲወርዱ ሊና ዞር ብላ አየችኝ፤ ሂጂ አልኳት በእጄ። እኔ ከበእምነትና ከሹፌሩ ጋር ዛፍ ሥር ቀረሁ።

"ልጅየው፣" አልኩት በእምነትን፣ "ቤቴ ከአስፋልቱ ብዙ አይርቅም። ስንመለስ በዚያው ነው የምናልፈው። አሥር ደቂቃ ቁም ብትለው ይቆማል።"

"ጋሼ፣ ፕሮግራም እኮ ነው። ምሳ ላይ የክብር እንግዳ አለብኝ። ዛሬ አንዱ ነገር ከተዛባ የሚጠየቀው በእምነት ነው።"

"ተሾመች ከንጋት ጀምሮ ነው የምትጠብቀው።"

"እትዬ ተሾመችን ማን ያጣታል፤ ትዕግሥት ያስተማረችን እሷ አይደለችም እንዴ?"

"አስተምራህ ከሆነ አልያዝከውም።"

ሹፌሩ ሳቀ። በእምነትም ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው። መቆጣት የማይቻልበት ሰው ነው፤ ይህም ነው የባሰው።

ልጆቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው ወጡ። ጫማቸውን ምንጭ ላይ ያጥቡ ጀመር፤ ያንንም ፎቶ ያነሳሉ። አንዱ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመና ፎቶ ተነሳ። ሁለተኛው ተከተለ። ወዲያው ሰልፍ ሆነ፤ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ከዘራ ይዞ ቆሞላቸዋል፣ ምን ያድርጉ? አንዱ ከዘራውን ወሰደና ይዞት ተነሳ። ሊና ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ተጋፍታ የምታልፍ ልጅ አይደለችም፤ አያቷም እንዲሁ ናት። እሷ ጋ ሊደርስ አንድ ልጅ ሲቀር ዝናብ ወረደ። በእምነት እያጨበጨበ ሁሉንም ወደ መኪና ነዳ።

ምሳው በማር አምራቾች ማኅበር አዳራሽ ነበር። ቆጮው፣ የሚያቃጥለው ቆጭቆጫ፣ ሥጋው፣ ማሩ ተደርድሮ ተሸፍኗል፤ ብርዝም ቀርቧል። የክብር እንግዳው ስላልመጡ ግን አይነሳም። ቁጭ ብለን ምግብ እንጠብቃለን። ሊና ከጓደኞቿ መሐል ተነሳች፤ ዞራ መጣችና አጠገቤ ካለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀረብ ስትል የዝናብና የሳሙና ሽታ አላት። እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች፤ እኔም የእኔን አጠገቡ አደረግሁ።

"አባቴ ይላል፣ እርስዎ... ብዙ አይናገሩም።"

"እውነቱን ነው።"

"እኔም አማርኛ... ብዙ አልናገርም።"

"እንግባባለን ማለት ነው።"

ሳቀች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ስለ ተሾመች ልነግራት አሰብኩ፤ ከየት እንደምጀምር ሳማርጥ በእምነት ደረሰ።

"የኔ እህት፣ ይቅርታ፣ ይሄ ወንበር የተያዘ ነው።"

"ባዶ ነው፤" አልኩት።

"የክብር እንግዳው ነው፣ ጋሼ። መጡ፤ በር ላይ ናቸው።"

ሊና የተባለችውን ከፊቱ አንብባ ተነሳች። የክብር እንግዳው አጠገቤ ተቀመጡና ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ማዕዱን እንድባርክ አዘዙኝ፤ ባረክሁ። ምግብ ተነሳ። ዘፋኞች ገቡ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ እያስነሱ አስጨፈሯቸው። ሊናም ጨፈረች፤ ዓይኗ ግን በየመሐሉ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ የማየው መስኮቱን ነው፤ ጥላው እየረዘመ ነበር። ዶክተር ዋንጂሩ ሰዓቷን አየች፤ ሳይጨልም ጅማ መድረስ አለባቸው። ትንሽ ቆይታ ደግማ አየች።

ከዚያ ንግግር። የክብር እንግዳው ጠዋት ስላልነበሩ ስለ ደኑ ጥቅም እንደ አዲስ ጀመሩ።

ሲያበቁ በእምነት ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ "አሁን የቀኑ መራቂያችን ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ የመዝጊያ ምርቃት ይሰጡናል፤ ከዚያ እንግዶቻችን በቀጥታ ወደ ጅማ ይጓዛሉ፤" አለ።

በቀጥታ አለ። ተነሳሁ። ማጉያውን አፌ ላይ ያዙልኝ።

"አልመርቅም፤" አልኩ።

አማርኛ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የክብር እንግዳው ብርዙን አስቀመጡ።

"ከጠዋት ጀምሬ የሰው ልጅ ስመርቅ ዋልኩ። የእኔ ልጅ እዚያ ተቀምጣለች። አያቷ አልጋ ላይ ሆና ትጠብቃታለች፤ እጇን ልትይዛት ነው፣ ሌላ ነገር አልፈለገችም። ልጅቱን እስካልወሰድኩ ድረስ ምርቃት የለም።"

ተቀመጥኩ። ሰሚር በእምነትን አየ፤ በእምነት መሬቱን አየ። ከዚያ ሰሚር ማጉያውን ተቀብሎ በእንግሊዝኛ ጀመረ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ እጁን ወደ ሰማይ ያነሳል፣ ወደ ልጆቹ ይዘረጋል። እንግሊዝኛ አላውቅም። ሰው ሲመረቅ ግን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ "አሜን" አሉ፤ አጨበጨቡም። አንዳንዱ ቦርሳውን አነሳ።

የማላደርገውን ነገር አስደረጉኝ። በአፌ የከለከልኩትን በሌላ ሰው አፍ ሰጠሁ።

ያላጨበጨበች ሊና ብቻ ናት። ተነስታ ቀጥ ብላ ወደ መምህሯ ሄደች። ፈጥና ተናገረች፤ እኔን አሳየች፣ ሰሚርን አሳየች። ዶክተር ዋንጂሩ ሰሚርን አንድ ነገር ጠየቀችው። ሰሚር ራሱን ነቀነቀ፤ አንገቱን ደፋ። በኋላ በመንገድ ላይ፣ "ጋሼ፣ እንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይተረጎማል?" አለኝ።

መምህርቷ ወደ እኔ መጣች። በሰሚር በኩል ተናገረች፤ አሁን እያንዳንዱን ቃል እያየች ነው የምታስተረጉመው። ሊናን ብቻዋን መስጠት አትችልም። ሁሉም አብረው ከሄዱ ግን ቃሏን አላፈረሰችም። ሩብ ሰዓት ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።

"ሁሉም?" አልኩ።

"ሁሉም።"

ቤቴን በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት። እሺ አልኩ።

አውቶቡሱ አስፋልቱ ላይ ቆመ፤ ወደ እኛ የሚወጣው መንገድ ጠባብና ጭቃ ነው። በእግር ወጣን። እኔ ከፊት ልሁን ብል ከዘራዬ ጭቃ ውስጥ ይሰጥማል፤ ልጆቹ አለፉኝ። ሊና ቀርታ ክንዴን ያዘች። ተይኝ ሂጂ ልላት ነበር፤ አላልኩም። ቀኑን ሙሉ የነኩኝ ወገኖቼ ሁሉ ሊጎትቱኝ ነበር። እሷ ግን ልትደግፈኝ ነው። ለዚያች አጭር ዳገት ስል ዝም አልኩ። ዋጋውን ተሾመች ከፈለች።

ስንደርስ ሠናይት በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ልጆቹን ሁሉ አስገብታለች። እንግዳ ደጅ ይቆማል እንዴ? ክፍሉ ከአልጋ እስከ በር ሞልቶ ነበር፤ የቀሩት መስኮቱ ላይ ተደርድረው ብርሃኑን ከልለውታል። በእምነትም ገብቷል። በትከሻዎች መሐል አሻግሬ አየሁ። ተሾመች ከትራሷ ቀና ብላ መጀመሪያ የገባችውን ልጅ እጅ በሁለት እጇ ይዛለች። ልጅቱ አኪኒ ትባላለች፤ የሊና ጓደኛ ናት፤ ረጅም ልጅ።

"መጣሽልኝ፤" ትላለች ተሾመች፣ ጉንጯን እየዳበሰች። "ይሄ የከፈለኝ ጉንጭ ነው። እንዲሁ ነበር ልጅ ሳለ። ስንቱን ቀን ጠበቅሁሽ።"

አኪኒ ቃሉ ባይገባትም እጇን አልነጠቀችም። ተንበርክካ ፊቷን ሰጠቻት።

"ተሾመች፣ እሷ አይደለችም፤" አልኩ።

አልሰማችኝም። በእምነት በዚያው ቅጽበት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "የአካባቢያችን እናት እትዬ ተሾመች በእንግዶቻችን ጉብኝት..." ብሎ ጀምሯል፤ ሰሚርም ተከትሎ እየተረጎመ ነው። ልጆቹ ዞረው እሱን ያዩታል። በገዛ ቤቴ ውስጥ መተላለፊያ አጣሁ።

"ዝም በል፤" አልኩ በእምነትን። ዝም አለ። ሰሚርም ዝም አለ። በከዘራዬ መንገድ ከፍቼ ሊናን አሳለፍኳት። አኪኒ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀች፤ ሊና እዚያው ተንበረከከች።

"ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አለች ተሾመች።

"ሊና ይቺ ናት።"

"ያችኛዋስ?"

"ጓደኛዋ።"

ተሾመች ይዛው የነበረውን እጅ አየት አደረገች፤ ማየት ከቻለች። ከዚያ የሊናን ክንድ ያዘች። ጉንጯን ግን አልዳበሰችም። ሁለት ጊዜ አይሆንላትም፤ አውቃታለሁ። ወይም ደግሞ ሰው በበዛበት አፍራለች። ሊና "አያቴ" አለቻት፤ ቀጥላ የምትለው አማርኛ አጣች፤ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለች። ተሾመች በካፊኖኖ መለሰችላት። ሁለቱም እሺ አሉ።

ከታች የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። ዶክተር ዋንጂሩ በሩ ላይ ቆማ እጇን አነሳች።

"ጋሼ፣" አለ በእምነት በቀስታ፣ "በቤትዎ እንኳ አንድ ቃል ይበሏቸው። አዳራሹን ተውት፣ እሱ አልፏል። ከሽማግሌ ቤት እንዲሁ ሊወጡ ነው?"

ሁሉም ያዩኛል። አኪኒ እጇን ዘርግታለች፤ ጠዋት ምርቃት ሲሰጥ እንዲህ ዘርጉ ተብለዋል። የተቀሩትም ዘረጉ። ቤቴ የገባ እንግዳ ነው። መረቅኋቸው። ሰሚር ተረጎመ። ከሩብ ሰዓቱ የተረፈችው በዚያ አለቀች። ሊና እንደ ተንበረከከች ራሷን ደፍታ ከሌሎቹ ጋር "አሜን" አለች፤ ተነስታ ወጣች። መምህርቷ ደጁ ላይ በጣቷ ቆጠረቻቸው፤ አንድም አልጎደለም።

ሠናይት ወለሉ ላይ የቀረውን ጭቃ ጠራርጋ ሄደች። አመሻሽ ላይ ከተሾመች ጋር ብቻችንን ቀረን። ራሷን ወደ እኔ አዞረች።

"አንተስ ቀኑን ሙሉ አብረሃት ዋልክ።"

"ዋልኩ።"

"ምን አለችህ?"

አሰብኩ። "ብዙ አይናገሩም ተብያለሁ አለችኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"አንተስ ምን አልካት?"

"መረቅኋት።"

"ለብቻዋ?"

"ከሌሎቹ ጋር።"

ተሾመች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።